ማስታወሻ በሰው ኮምፒውተር ላይ

ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ወደ ድሬዳዋ ስሳፈር ላፕቶፕ አልይዝም። ክብደቱን ወይም ሌባን ፈርቼ ብቻ አይደለም። የምሄደው የድሮውን የምድር ባቡር ሠራተኞች ላነጋግር ነው፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ፊታቸው ላይ ላፕቶፕ ሲከፈት ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን እንደሚሰጥ ሰው ይጠነቀቃሉ፤ ንግግራቸው ያጥራል፣ ሳቃቸው ይጠፋል። ደብተርና እስክሪብቶ ሲያዩ ግን ጨዋታው ይመጣል። ስለዚህ ቀን በደብተር እጽፋለሁ፣ ማታ ወደ ስልኬ እገለብጣለሁ፣ ስልኩም ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ ማስታወሻውን ኢንተርኔት ላይ ካለው ማኅደሬ ጋር ያስተካክለዋል።

እስከዚህ ድረስ የማንም ኮምፒውተር አያስፈልገኝም። የሚያስፈልገኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሰው የነገረኝን ነገር ራሱ ሳያየው አደባባይ አላወጣም። ወረቀቱ እጁ ላይ እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ ፊደሉ ተለቅ ብሎ፣ በመስመርና በመስመር መካከል በእስክሪብቶ የሚያርምበት ቦታ ተትቶለት። ይህን ስልክ አይሠራውም። ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያለው ሰው ፈልጌ፣ ማስታወሻዬን እዚያ ከፍቼ፣ አስተካክዬ፣ አሳትሜ መውጣት አለብኝ። የሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ የወዳጅ ቢሮ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የዘመድ ሳሎን፤ ጉዞዬ ከአንዱ ሰው ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚያልፍ ሆኗል። በዚህ መካከል ያየሁት ነገር ቴክኖሎጂ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ላይሆን ይችላል። ለእኔ ግን ማስታወሻ ስለሚባለው ነገር ያለኝን አመለካከት ለውጦታል።

አዲሱ ባቡር በአዳማና በመተሐራ አልፎ፣ በበሰቃ ሐይቅ በኩል አድርጎ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሚኤሶ ያመራል። ጉዞው ከአውቶቡስ ይልቅ ለጻፊ ይመቻል፤ ወንበሩ ስለማይንገጫገጭ ደብተር ጭን ላይ ይረጋል። የድሮው መስመር ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ተራራው አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ በግርጌው አለፈ፣ በ1902 የደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ፈጅቷል። ከተማዋን የወለደው ባቡር በመሆኑ፣ በዕድሜ ከገፉት የድሬ ሰዎች ጋር ስለ ባቡር ማውራት ስለ ቤተሰብ እንደ ማውራት ነው። ማስታወሻዬ የባቡር ታሪክ ይምሰል እንጂ ውስጡ የሰው ጉዳይ ሞልቶታል፦ ማን ማንን አገባ፣ ማን ከሥራ ተባረረ፣ ማን በጦርነት ጊዜ ምን አደረገ።

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ እስኪበርድ ሱቁን ትዘጋለች። ሥራ ያለበት ሰው ወይ በጧት መነሳት ወይ እስከ አሥር ሰዓት መታገሥ አለበት። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ትልልቆቹ ዛፎች ጥላቸውን በሚጥሉበት መንገድ ዳር፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት ጠባብ ቤት አገኘሁ። የምትሠራው ልጅ ወንበሩን ወደ እኔ እየገፋች፣

«አቦ፣ ምን ልሥራልህ?» አለችኝ።

ድሬ «አንቱ» አታውቅም፤ ታላቅም ታናሽም «አንተ» ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል።

«ሦስት ገጽ ላሳትም ነበር። ከማሳተሜ በፊት ትንሽ የማርመው አለ።»

«በቴሌግራም ላክልኝ።»

ይህ መልስ አሁን በአገራችን ከተሞች ሁሉ አንድ ነው። ዱሮ ፍላሽ ይሰጥ ነበር፤ ወይም ደንበኛው ራሱ ቁጭ ብሎ ኢሜይሉን ይከፍት ነበር። አሁን ሱቁ የራሱ የቴሌግራም ቁጥር አለው፣ ደንበኛው ከስልኩ ይልካል፣ ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ታወርዳለች። እኔ ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በሰው ኮምፒውተር ላይ ፓስወርዴን አልጽፍም። በክፋት አልጠረጥርም። ኮምፒውተሩ ላይ ከእኔ በፊት ማን እንደተቀመጠ ባለቤቱም አያውቅም፤ የሚጻፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ተንኮለኛ ፕሮግራም ካለበት ደግሞ የባለቤቱ ቅንነት አያድነኝም። ብራውዘሩን «ኢንኮግኒቶ» በሚባለው መስኮት መክፈትም ከዚህ አያስጥልም፤ እሱ የሚያደርገው የጎበኘነውን ገጽ በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ አለማስቀመጥ ብቻ ነው። ፓስወርድ የሚከፍተው ደግሞ አንድ ገጽ አይደለም፣ የዓመታት ማስታወሻ በሙሉ ነው። ሦስት ገጽ ለማሳተም ሦስቱን ገጽ ብቻ መላክ ይበቃል።

ልኬ ስጨርስ ልጅቷ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ፋይሌን ለማግኘት «ዳውንሎድ» የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ፤ በውስጡ ቴሌግራም የሚያወርዳቸው ነገሮች የሚከማቹበት ሌላ ፎልደር አለ። የእኔን ፋይል ስፈልግ ዓይኔ በስሞች መካከል አለፈ። የፓስፖርት ቅጂ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የሕክምና ውጤት፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የተሰናዱ ልጆች ሙሉ ቁመት ፎቶ። አንዱንም አልከፈትኩም፤ የፋይሎቹ ስም ራሱ ብዙ ይናገር ነበር። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ከጧት እስከ ማታ ሰው ይመጣባታል፣ አንዱን አትማ ሳትጨርስ ሌላው ይልካል፤ ደንበኛውም ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ «አጥፊልኝ» የሚል የለም። ከዚያች ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የአንድን ሰፈር ሐዘንና ተስፋ ማንበብ ይቻላል።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ደግ ነገር ነው። አዋጁ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ቤት ልማድ ሆኖ እስኪደርስ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እስከዚያው ያለው ጠባቂ ላኪው ራሱ ነው። ስለዚህ ሥራዬን ስጨርስ የማደርገው ነገር አለኝ። የሰው ቤት ያደረ እንግዳ አልጋውን አንጥፎ እንደሚወጣ፣ እኔም ከመነሳቴ በፊት የነካሁትን ሁሉ ወደ ነበረበት እመልሳለሁ። የላክሁትን መልእክት ከስልኬ ላይ አጠፋዋለሁ፤ ቴሌግራም ከእኔም ከተቀባዩም ዘንድ አንድ ላይ ማጥፋት ይፈቅዳል። ይህ ግን የወረደውን ቅጂ አይነካውም። እሱ ፎልደሩ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ እዚያ ሄዶ ማጥፋት፣ ከዚያም «ሪሳይክል ቢን» ከሚባለው ውስጥ ማውጣት ያስፈልጋል። ዎርድ ደግሞ በቅርቡ የተከፈቱ ፋይሎችን ስም ይዘረዝራል፤ ከዚያም ዝርዝር ይወጣል። ልጅቷ ምን እንደማደርግ ቆማ አየች፣ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «አቦ፣ ይሄን ለሁሉም ማድረግ ነበረብኝ» አለች። በማግሥቱ ስመለስ ፎልደሩ ባዶ ነበር።

ስለ ፊደላችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ለአማርኛ ጻፊ የሰው ኮምፒውተር ዋናው ፈተና ለረጅም ጊዜ ይኸው ነበርና። የድሬዳዋው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ስለነበረው ፊደሌ እንደ ጻፍኩት ታየ። ይህን እንደ ተራ ነገር የሚቆጥር ወጣት ካለ ታሪኩን ይስማ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቁጥር ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት፤ አንዱ «ለ»ን ያኖረበት ቁጥር ላይ ሌላው ሌላ ፊደል ሊያኖር ይችላል። ፓወር ግዕዝ በተጫነበት ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ፓወር ግዕዝ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነበር። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ቢሆን ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ስላልነበረው ገጹን በባዶ ሳጥን ይሞላው ነበር፤ ኒያላ የተባለው ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪመጣ። በዚያ ዘመን በጉዞ ላይ የራስን ማስታወሻ ለማንበብ የፊደሉን ቅርጽ በፍላሽ ይዞ መዞር፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ መጫን ያስፈልግ ነበር።

ከሳጥኑ የሚብሰው ግን የጥያቄ ምልክት ነው። ሳጥን ሲታይ ፊደሉ አለ፣ የጠፋው ቅርጹ ብቻ ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ተመልሶ ይመጣል። ኖትፓድ የተባለው ቀላሉ መጻፊያ ግን ለብዙ ዓመታት ፋይልን ሲያስቀምጥ ቀድሞ የሚመርጠው አንሲ የሚባለውን የድሮ አቀማመጥ ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ በዚያ ከተቀመጠ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ ይህ ደግሞ መመለሻ የለውም። ፕሮግራሙ ከማስቀመጡ በፊት በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቃል፤ የቸኮለ ሰው «እሺ» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ መንገድ የጠፉ የመመረቂያ ጽሑፎችና የቃለ መጠይቅ ቅጂዎች ስንት እንደሆኑ ሳስብ ያመኛል። ኖትፓድ ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን አቀማመጥ ቀዳሚ ምርጫው ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ ከምንም በፊት የማየው ፋይሉ በምን እንደሚቀመጥ ነው።

ማስታወሻዬን በተራ ጽሑፍ፣ ያለ ጌጥ፣ በዩቲኤፍ 8 የማስቀምጠው ለዚህ ነው። የሚያማምሩ የማስታወሻ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹን እጠቀማለሁ፣ ለቀን ተቀን ሥራም ጥሩ ናቸው። በሰው ኮምፒውተር ላይ ግን ያ ፕሮግራም የለም፤ ልጫን ብል ባለቤቱ የማያውቀውን ነገር በንብረቱ ላይ መትከል ነው። ተራ ጽሑፍ በማንኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል። ቦታም አይፈጅም። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል የሚይዘው ሦስት ባይት ነው፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ፊደል ያለው ገጽ አምስት ኪሎ ባይት አይሞላም። በዚህ ስሌት ያ የድሮው 1.44 ሜጋ ባይት ፍሎፒ እንኳ ወደ ሦስት መቶ ገጽ ይይዛል። አንድ ፎቶግራፍ የሚፈጀው ቦታ የአንድን ሽማግሌ ሙሉ ሕይወት ይችላል።

ፍላሽ እይዛለሁ፣ ግን አላምነውም። በኮምፒውተር ቤቶቻችን «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለውን የማያውቅ የለም። ፍላሹ ውስጥ ያለውን ፎልደር ደብቆ በምትኩ የሱን መልክ የያዘ አቋራጭ ያስቀምጣል፤ ሰው አቋራጩን ሲጫን ቫይረሱ ይነሳል፣ ትክክለኛው ፎልደርም ስለሚከፈት ተጠቃሚው ምንም አይጠረጥርም። ከዚያ ፍላሹ በሄደበት ሁሉ ይዛመታል። በኮምፒውተር ቤት የሚሠሩ ልጆች የተደበቀውን የሚያወጣውን ትእዛዝ በቃላቸው ያውቁታል፤ ለዚህ ሙያ አክብሮት አለኝ። በበኩሌ ፍላሼ ከጎኑ መጻፍ የሚከለክል ማብሪያ ያለው ነው፣ የሰው ኮምፒውተር ላይ ስሰካው እዘጋዋለሁ። ውስጡ ያለውም ሌላ ቦታ ቅጂ ያለው ብቻ ነው።

«ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠህ ለምን አትገላገልም?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ አብዛኞቹ ውጭ አገር የሚኖሩ ናቸው። አገር ቤት ለሚዞር ሰው ኢንተርኔት ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በአገሪቱ ሙሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ለብሔራዊ ፈተና ተብሎም ተዘግቶ ያውቃል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ የደረሰውን መቋረጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማስታወሻው ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ያለ ሰው በእንደዚህ ያለ ቀን የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ኔትወርክ ባለበት ቀንም መብራት ይሄዳል። ቅጂው ስልኬ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ከዚህ አልወርድም።

ስልክ ደግሞ ይጠፋል፤ ሰው አገር ሲገባም ሲሙ ላይሠራ ይችላል። ያን ጊዜ ነው የሰው ኮምፒውተር በእርግጥ መጠጊያ የሚሆነው፤ የራሴን ሕግ ጥሼ ፓስወርድ የምጽፈውም ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በማውቀው ሰው ቤት። ግን ጉግልና መሰሎቹ ከፓስወርዱ ሌላ በስልክ የሚላክ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ስልኩ ከሌለ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ለዚህ ቀን ተብሎ የተሠራ ነገር አለ፦ ጉግል አስቀድሞ አሥር የመጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ስምንት አኀዝ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ገልብጦ ከስልኩ ተለይቶ በሌላ ቦታ መያዝ ነው። እኔ በደብተሬ ልባስ ውስጥ አለኝ። አንድ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግ፣ እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ ማታ ቢያወጣ ደስ ይለኛል።

አንድ ጊዜ ወደ አሜሪካ ያደረግኩት ጉዞ ይህን አጽንቶልኛል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ቤት ሆኜ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ በስልክ አነጋግር ነበር። የአገር ቤት ሲሜ እዚያ አይሠራም፤ የመግቢያው ቁጥር የሚላከው ደግሞ ወደሱ ነው። ከደብተሬ ልባስ አንድ ቁጥር አወጣሁ፣ ወደ ማኅደሬ ገባሁ። የዘመዴ ልጅ ኮምፒውተሯን በደስታ ሰጠችኝ፣ ግን በተቀመጥኩ ቁጥር የትምህርቷን ገጽ መዝጋት ነበረባት፤ መልእክቶቿም በገጹ ጥግ ብቅ ይሉብኛል። የኔ ማስታወሻ ለሷ፣ የሷ ሕይወት ለኔ ክፍት ሆነ። ሁለተኛው ቀን ላይ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። እዚያ እንግዳ ጊዜያዊ መግቢያ ይሰጠዋል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ የሠራበትን ሁሉ ይጠርጋል። የአማርኛ ኪቦርድ ግን አልነበረውም፤ የምጽፈውን በስልኬ ጽፌ ለቤተ መጻሕፍቱ በኢሜይል እየላክሁ ነበር የማሳትመው። በአገራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም እንዲህ ያለ፣ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ራሱን የሚያጸዳ፣ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም የሚጻፍበት ኮምፒውተር ቢኖር ምን ያህል ሰው እፎይ ይል ነበር!

ወደ አገር ቤቱ ጉዞዬ ልመለስ፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ ወጣሁ። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። በግንብ የታጠረችው ሐረር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በግንቡ ውስጥ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንጻ፣ አብዱላሂ ሸሪፍ ያቋቋሙት ሙዚየም አለ። በግላቸው ካሰባሰቧቸው ነገሮች መካከል የእጅ ጽሑፎች ይገኛሉ፤ የተጎዱትን የመጠገንና የመጠረዝ የሐረርን የቆየ ሙያም አነቃቅተዋል። እነዚያን ጽሑፎች በየቤቱ ያቆዩ ቤተሰቦች ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። እሳት ቢነሳ፣ ዝናብ ቢገባ፣ ያበቃ ነበር።

በዚሁ ከተማ አርተር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በነጋዴነት ኖሯል፤ መጀመሪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ በ1883 ራሱን ያነሳቸውን ሥዕሎች ፈረንሳይ ላሉት ቤተሰቦቹ በደብዳቤ ላከ። ዛሬ የምናያቸው ስለላካቸው ነው። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ፣ በአብዮቱ ዓመታትም ቀጥሎ፣ ከየገዳማቱና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ 9,000 ገደማ መጻሕፍት በፊልም ተቀዱ፤ ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ተመትተው፣ አገራቸውን ለቀው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በዚያ ቤተ መጻሕፍት ለአሥርት ዓመታት እነዚያን ቅጂዎች እያነበቡ ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። የአገራቸውን መጽሐፍ በሰው አገር ያነበቡት አስቀድሞ የተላከ ቅጂ ስለነበረ ነው። ቅጂ ሩቅ ቦታ ማኖርን ሰዎች የኮምፒውተር ዘመን ጭንቀት አድርገው ሲያዩት አልስማማም።

የማስታወሻዬ ጉዳይ ከኔ ይልቅ የሌሎች መሆኑን በደንብ ያየሁት ግን ከሐረር ወደ ድሬ ስመለስ ነው። የአንድ የቀድሞ ባቡር ነጂ ታሪክ ነበር ያሳተምኩት። ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም ገጽ በጥሞና አነበቡ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድይ ፈርሶ መስመሩ ሲቋረጥ፣ አብሯቸው የነበረ ባልደረባ ባቡሩን ትቶ በሌሊት መሄዱን ነግረውኝ ነበር። ስሙንም ነግረውኝ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄን ስም አውጣልኝ» አሉኝ። «እሱ ሞቷል። ልጆቹ ግን እዚሁ ከተማ አሉ። ነገሩን በእኔ አፍ መስማት የለባቸውም።»

«እሺ አባባ፣ አወጣዋለሁ።»

«ከሁሉም ቦታ?»

«ከሁሉም ቦታ።»

ቃል ከሰጠሁ በኋላ ስሙ የት የት እንዳለ አሰብኩ። ደብተሬ ላይ አለ፤ በቀለም ሸፈንኩት። ስልኬ ላይ አለ፤ ቀየርኩት። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰነድ ግን ሲታረም የድሮውን መልክ ከነታሪኩ ያስቀምጣል፣ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ስሙን ያገኘዋል፤ ስለዚህ ስሙ የሌለበት አዲስ ሰነድ ከፍቼ አሮጌውን አጠፋሁ። የጠፋው ሰነድ በጉግል ድራይቭ ቅርጫት ውስጥ ሠላሳ ቀን ይቆያል፤ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግኩ። ፍላሹን አየሁ። ከዚያ ወደ ከዚራ ሄድኩ። ልጅቷ ቴሌግራሟንም ፎልደሯንም ከፈተችልኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንጹሕ ነበር። ነገሩን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ቆይ አቦ፣ የመጀመሪያዋ ገጽ ቀለም ተዝረክርኮባት ደግመን አትመን አልነበር?» አለችኝ።

የተበላሸ ወረቀት አይጣልም፤ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ለሂሳብና ለሙከራ ይቀመጣል። ከጠረጴዛው ሥር ካለው ክምር ውስጥ አንድ በአንድ አየን። ገጹ ተገኘ፣ በጀርባው የአንድ ደንበኛ የፎቶ ኮፒ ሂሳብ ተደምሮበታል። ሂሳቡን በሌላ ወረቀት ገልብጣ ገጹን ሰጠችኝ።

አዲሶቹን ገጾች ይዤ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። ስሙ የነበረበትን መስመር «አንድ ባልደረባዬ» ተብሎ አነበቡትና ወደ ሁለተኛው ገጽ አለፉ። እዚያ ላይ ደግሞ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ነገሩ የሆነው ኤረር ሳይሆን ጎታ ጣቢያ ነው ብለው በራሳቸው እጅ አረሙት፣ ሌላም የረሱት ነገር እንዳለ ነግረውኝ ወንበር ሳብ አደረጉልኝ።